የከርከሮው ጀርባ

አባቴ የለም፤ ሞቷል። ወር ሊሞላው ነው።

አይ… አትደንግጥ። አንተ መንገድ ላይ ነበርክ፣ ከየት ትሰማለህ? እግዜር ያጥናህ ብለሃል፣ በቂ ነው። ግባ እንጂ ሾፌር፣ በር ላይ ቆመህ ቀረህ እኮ። ስፖንጁን ገፋ አድርገውና ተቀመጥ። እዚያ ጋ አይደለም፣ ምስማር አለበት። እዚህ። መንገዱ እንዴት ነበር? ዝናብ አልያዛችሁም? ጎማውስ? ጥሩ። ጥሩ ነው።

ወንበርህ አልቋል ማለት ይቻላል። የጎኑ ቆዳ ብቻ ነው የቀረኝ። ቁጭ ብለህ ጠብቀኝ፣ አሁን እጨርስልሃለሁ። ስፖንጁን አባቴ ራሱ ነው የቆረጠልህ። "ይሄ ልጅ ወገቡን ያመዋል፣ ከሥር ወፈር እናድርግለት" ብሎ። ልብሱን የማለብሰው እኔ ነኝ። ካልተስተካከለ ጥፋቱ የኔ ነው። ምን ላድርግ፣ መዶሻው ገና አልለመደኝም። እጀታውን አየኸው? እዚህ ጋ ጎድጎድ ያለው የሱ አውራ ጣት የበላው ነው። የኔ ጣት ሲገባበት ይዋልላል።

እ? … ቀስ ብለህ ተናገር። በሩ አጠገብ የተቀመጡትን ነው? ዘመድ ናቸው። ተዋቸው፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ደፋ አድርገው ትንሽ ያሸልባሉ። ወንበሩ የአባቴ ነው፤ የተቀመጠበትን ሁሉ ያስተኛል። እግራቸው ይወዛወዛል? … እንግዲህ ተኝተው የሚራመዱ ሰዎች አሉ አይደል? እሳቸው ተቀምጠው ነው የሚራመዱት።

ዓይንህ ግን ፈጣን ነው። ልክ ነህ፣ ከበሩ በላይ ክራንቻ ተሰቅሎ ነበር። የከርከሮ። ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። አልጠፋም፤ ሊወሰድ ስለሆነ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። አንድ ትልቅ ሰው "ለማስታወሻ ሳሎኔ ላይ ልስቀለው" አሉ። እሺ አልኩ። ትልቅ ሰው ሲጠይቅ ምን ይባላል? ያውልህ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ጥቅል ነው። አጠገቡ ያለው? እሱ ሳሙና ነው። የልብስ ሳሙና። እሱም አብሮ ይሄዳል። … ለምን እንደሆነ ትደርስበታለህ፣ አትቸኩል። ሾፌር ሆነህ መቸኮል አይደብርህም እንዴ?

የክራንቻውን ታሪክ ሰምተኸው አታውቅም? ይሄን ያህል ጊዜ ደንበኛችን ሆነህ! ግን ከማን ትሰማለህ? የምታገኘው አባቴን ነበር። አባቴ ደግሞ አያወራም። ለምን መሰለህ? የገደለው እሱ ስለሆነ ነው።

ቤታችን የአዳኝ ቤት ነው። ነበረ ልበልህ። ቅድመ አያቴ አደነ፣ አያቴ አደነ፣ አባቴ አንዴ አደነና በቃው። እኔ አይጥ እንኳ ይዤ አላውቅም፤ ሚስቴ ናት የምትይዘው። ጠመንጃው ከቤት ከወጣ ቆይቷል። ጫካውም ቤት ተሠርቶበታል። ለኛ የቀረን ወሬው ብቻ ነው። ወሬው ግን ሕግ አለው። በኛ ቤት የገደለ አያወራም፤ አብሮት ሄዶ ያየ ነው የሚያወራው። ቅድመ አያቴ ነው አሉ ሕጉን ያወጣው፤ "ገዳዩ ራሱ ካወራ አውሬው በየዓመቱ ያድጋል" ብሎ። ብልህ ሰው ነበር። ስለዚህ የኛ ሰው ብቻውን አድኖ አያውቅም። አንዱ ይተኩሳል፣ አንዱ ያያል። የተኮሰው ዝም ይላል፣ ያየው አፍ ይሆንለታል። ወሬው ሲያልቅ ገዳዩ ላየው ሰው "ጥሩ አይተሃል" ይለዋል። ይኸው ነው። ሌላ ቃል የለውም።

እና ከርከሮው… ቆይ፣ ምስማሩን ከአፌ ላውጣ።

ከርከሮው የአያቴን የድንች ማሳ ሲያርስ ከረመ። አያቴ አርጅቷል። አባቴ ጎረምሳ ነው። ጠመንጃውን አነሳ። ለማየት ደግሞ ታናሽ ወንድሙ አብረውት ሄዱ። አዎ፣ አጎቴ። አጎት አለኝ፤ የትም ይሁኑ የት ዕድሜ ይስጣቸው። ጎረምሳ ነበሩ፣ ግን ጢማቸው ቀድሟቸው አድጎ ነበር። ያኔም እንደ አሁኑ በጣታቸው ጠምዘዝ ያደርጉት ነበር ይባላል። … ምን? ኧረ እሳቸው አይደሉም! እሳቸው ተኝተዋል አልኩህ እኮ። የተኛ ሰው በኛ ቤት አይታማም። ጢም ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው እንዴ?

አባቴ መሬት ላይ በርከክ ብሎ ጠበቀው። አጎቴ ደግሞ ሰፋ አድርገው ለማየት ብለው ዛፍ ላይ ወጡ። ጥሩ አደረጉ። ምስክር ከፍ ሲል ነው የሚያምርበት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ዛፍ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ነገርን ከቅርንጫፉ ነው። ከርከሮው ከቁጥቋጦው ወጣ፣ ወደ አባቴ መጣ። አባቴ አንድ ጊዜ ተኮሰ። እግሩ ሥር መጥቶ ወደቀ።

አለቀ። እኔ ሳወራው ይሄን ያህል ነው። አጎቴ ሲያወሩት ግን ከምሳ እስከ መክሰስ ይወስዳል። ይሄን ከልቤ ነው የምልህ፣ እንደሳቸው የሚያወራ ሰው አልሰማሁም። ልጆች ሆነን የከርከሮውን ትንፋሽ ሲያሰሙን እግራችንን ከወለሉ ላይ አንስተን ሶፋው ላይ እንሰበስብ ነበር። ጀርባው ላይ ያለውን ጸጉር ይነግሩናል፤ ከሁለቱ ጆሮዎች መሃል ተነስቶ እስከ ጭራው ድረስ እንደ ጫማ ብሩሽ የቆመውን። ጀርባው ላይ የደረቀውን ጭቃ፣ ጭቃው ላይ የተለጠፈችውን አንዲት ቢጫ ቅጠል። ቅጠሏ ሳትወድቅ እስከ መጨረሻው አብራው ስትሮጥ! ይህች ቅጠል እንዴት እንደምትወደድ አትጠይቀኝ። አባቴ ጥግ ይዞ ይሰማል። አያርምም፣ አይጨምርም። አንድ ቀን "እኔ" ሲል አልሰማሁትም። ሲያልቅ "ጥሩ አይተሃል" ይላል። አጎቴ ጢማቸውን ጠምዘዝ ያደርጋሉ። ሁለቱም ደስ ይላቸዋል።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። አባቴ ወርቁን ይዞት ሄደ። … አይ፣ እዚሁ ነው ያስቀመጠው ለካ። አንድ ሰው አገኘው።

ከቀብሩ በኋላ በመጀመሪያው እሁድ ዘመድ ቤታችን ተሰብስቦ ነበር። ታሪኩ ይወራልን ተባለ። እኔም ፈለግሁ፤ ከማንም በላይ እኔ ፈለግሁ። አጎቴ ጀመሩ። "እኔና ወንድሜ" አሉ። ድሮ "ወንድሜና እኔ" ነበር የሚሉት። ሐዘን ነው፣ የሐዘንተኛ ምላስ ይደናቀፋል ብዬ አለፍኩት። በሚቀጥለው እሁድ "ተኮስን" ሆነ። አንድ ጥይት፣ ሁለት ተኳሽ! እንዲህ ያለ ወንድማማችነት የት ይገኛል? ባለፈው እሁድ ደግሞ… "ተኮስኩ"።

የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ይባል የለ? የወንድምህስ ሲሆን? ያኔ ዘረፋ አይባልም መሰለኝ። "ለማስታወሻ" ነው የሚባለው።

ይሁን። ወሬ ነው፣ ማንም አይራብበትም። ችግሩ ግን ታሪኩ ዛፍ አለው። ዛፉ ደግሞ ባዶውን መቆም አይችልም፤ አንዱ ሲወርድ አንዱ መውጣት አለበት። ማን ወጣ መሰለህ? አባቴ ነዋ! ዕድሜ ልኩን መሬት ላይ የኖረ ሰው፣ ወንበር ሥር ተንበርክኮ ምስማር ሲመታ የኖረ ሰው፣ ከሞተ በኋላ ዛፍ ወጣ። በምን ጉልበት? እንጃ። ሰው ካገዘው ምን ያቅተዋል?

አየህ፣ ከርከሮውም ማደግ ጀምሯል። ድሮ ጥጃ ነበር የሚያክለው። ባለፈው እሁድ በሬ ደርሷል። ቅድመ አያቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር!

ምን አልከኝ? ቆመ? … አዎ፣ እግራቸው ቆሟል። አሁን ነው እንቅልፉ የጠለቀው። ደክሟቸዋል፤ ከርከሮ በሬ እስኪያክል መቀለብ ቀላል ሥራ ነው?

አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ የመንገድ ሰው ነህ። ከፊት ለፊትህ የጭነት መኪና ሲመጣብህ ምኑ ነው የሚታይህ? መብራቱ። መከላከያው። ከቀረበ የሾፌሩ ዓይን። ጣሪያው ይታይሃል? ጣሪያው ላይ ቅጠል ቢወድቅ ታያለህ? … አታይም። ቅጠሉን የሚያየው ማን ነው? ድልድይ ላይ የቆመ ሰው።

ጥሩ። አጎቴ "ፊት ለፊት ገጠምኩት" ይላሉ። "ዓይን ለዓይን ተያየን" ይላሉ። ሰዉ ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ ምን ያያሉ? ከጆሮው መሃል እስከ ጭራው የቆመውን ጸጉር። የጀርባውን ጭቃ። ቅጠሏን! ቅጠሏን መተው አልቻሉም። ማን ይችላል? ሲያወሯት ኖረዋል። እና ተመልከት፣ በርከክ ብለው፣ ከርከሮው እየመጣባቸው፣ ግንባሩን አልፎ ጀርባውን አጥርቶ የሚያይ ዓይን! እንዲህ ያለ ዓይን ለማን ተሰጥቷል? ሐኪም ቤት ቢሄዱ ያስቀሯቸዋል፤ ለጥናት።

አንድም ሰው አልሳቀም። ሁሉም እኮ ገብቶታል። አክስቴ ሰሃን ልሰብስብ ብላ ተነሳች። አማቼ ጫማው ተፈትቶ ነበር መሰለኝ፣ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ሰው ትልቅ ሰው ሲያከብር እንዲህ ነው። በመጨረሻ ወሬው አለቀ። ድሮ እዚያ ጋ "ጥሩ አይተሃል" የሚል ሰው ነበር። … ማንም አላለም። እሳቸውም ትንሽ ጠበቁ። ጥጉን አዩት። እኔም አየሁት። ወንበር ብቻ ነው ያለው።

ቆይ፣ ይሄን ክር በጥርሴ ልቁረጠው።

አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል ይላሉ። ዝንብ ሲያረጅስ ምን ይሆናል? … አንበሳ ገደልኩ ይላል መሰለኝ። አይ፣ እንዲያው ዝንቡን አይቼ ነው። ሙጫው ነው የሚስባቸው። እሽ በልልኝ እስኪ፣ እዚያ በሩ ጋ ያለውን።

ለራሴ ብዬ ይመስልሃል? ለኔ ምንም አይደለም። እኔ አባቴን አውቀዋለሁ። ልጄ ናት እንጂ። ገና አራት ዓመቷ ነው፣ ስታድግ ፊቱን ትረሳዋለች። ድምፁን ትረሳዋለች። የሱ ተብሎ የሚቀራት ይህች ታሪክ ናት። ትናንት እዚህ ይዣት መጥቼ ነበር። ያ የምታየው ሶፋ ክንዱ ላይ ወጣች። ድመቷ ከታች ተኝታለች። ልጄ ፊቷን በእጇ ሸፍና "አውርዱኝ! አውርዱኝ!" ትላለች።

"ምን እየሆንሽ ነው?" አልኳት።

"አያቴን እየሆንኩ ነው" አለችኝ።

… ድመቷ ከርከሮ መሆኗን አታውቅም፤ እግሯን ትልሳለች።

ሳቅክ? ሳቅ፣ ያስቃል። እኔ አልሳቅሁም። አፌ ውስጥ ምስማር ነበር። ምስማር ይዘህ መሳቅም ማልቀስም አይቻልም፤ ትውጠዋለህ። መዶሻዬን ቀጠልኩ። ጠማማ መታሁ። እሱን ደግሞ ነቅዬ እንደገና።

ልጄን ካነሳሁ አይቀር ስትወለድ የሆነውን ላውጋህና ትሄዳለህ። ሚስቴ ገና አልተነሳችም። እኔ የሽንት ጨርቅ ይዤ ቆሜያለሁ፤ በሁለት ጣቴ፣ እንዲህ አርቄ። አባቴ ከሥራ መጣ። አየኝና ከእጄ ነጠቀኝ። እጅጌውን ሰበሰበ፣ ሳሙና አነሳ፣ ቁጭ ብሎ ያጥብ ጀመር። አፈርኩ። "ተወው አባዬ፣ ያንተ ሥራ አይደለም" አልኩት።

"ይሄ ምን አለው?" አለኝ። "እኔ ጢም ያለውንም አጥቤ አውቃለሁ።"

ጢም ያለው ሕፃን የት አገኘህ አልኩት። ይስቃል። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል። አባቴ እንዲያ ሲስቅ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ኋላ፣ ጨርቁን ሲጨምቅ፣ እንዲህ አለኝ፦ "ጥይቱን ስተኩስ ዝናብ ነካኝ። ቀና ብዬ ሳይ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ደመና የለም። ዛፍ ብቻ ነው ያለው።"

…

ኮፍያው ወደቀ? ተወው፣ አታንሳው። ሊቀሰቅሳቸው ይችላል። ዓይናቸው ተገልጧል? … እንግዲህ ዓይናቸውን ገልጠው የሚተኙም አሉ። ቅድም ያልኩህ ዓይን ነው፤ እሱ መቼ ያርፋል?

"ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርክም?" አልኩት። ምን አለኝ መሰለህ? "እሱ እኔን ሲያወራ ያምርበታል። እኔ እሱን ባወራ ምን ያምርብኛል?" ይሄንን ብሎ፣ ወንዝ ላይ የሆነውንም ነግሮኝ ጨርቁን አሰጣ። ሁለተኛ አላነሳውም። አባቴ እንደዚያ ነበር። እኔ ግን አባቴን አይደለሁም። መዶሻው ይመስክር።

ሕጋችን ምን ነበር ያልኩህ? ያደረገ አያወራም፣ ያየ ነው የሚያወራው። አጎቴ አባቴን አዩ፤ ስለዚህ የአባቴ ወሬ የሳቸው ነው። አልነካውም። ማንም እንዳይነካባቸው ዘብ እቆማለሁ። ግን አባቴም ከታች ሆኖ አንድ ሰው አይቷል። ያየውን ለኔ ሰጠኝ። እንግዲህ ያኛው ወሬ የማን ነው? … የኔ ነው መሰለኝ። ከመዶሻው ጋር የወረስኩት።

እሁድ ዘመድ ሁሉ ይመጣል። ልጄ ከአሁኑ "የከርከሮው ይወራ" እያለች ነው። ሁለቱም ወሬዎች የከርከሮው ናቸው። ወይ እኚያ ሰው ወደ ዛፋቸው ይመለሱና የድሮው ይወራል። እኔም እንደ ልጅነቴ እግሬን አንስቼ እሰማለሁ፤ ሲያልቅም፣ አባቴ ስለሌለ፣ "ጥሩ አይተዋል" የምለው እኔ ነኝ። ከልቤ እላለሁ። ወይ ደግሞ የወንዙን እኔ አወራለሁ። ማውራት አልችልበትም፣ አንተም ሰምተኸኛል። አጭር ነው የማደርገው። ግን ትልልቆቹም ልጆቹም ይገባቸዋል።

በል፣ ወንበርህ አለቀ። ተቀመጥበት እስኪ። … ወገብህ ጋ እንዴት ነው? ያ ነው የሱ ሥራ። ልብሱ ትንሽ ተሸብሽቧል፣ እሱ የኔ ነው። ሲቀመጡበት ይስተካከላል።

አንድ ነገር አስቸግርሃለሁ። ስትወጣ ጥቅሉን በሩ ጋ ለተቀመጡት ሰው ስጥልኝ፤ ለባለቤቱ ያደርሱልኛል። ሳሙናውንም። ክራንቻው ለማስታወሻ ነው የተባለው አይደል? ሳሙናውም ማስታወሻ ነው በልልኝ።

ሥጋ ነው፤ ከመመረቅ ሌላ ምን አውቃለሁ? እግዜር ዕድሜ ይስጣቸው። ጢማቸውን ያሳምርላቸው። ያን ከፊት ሆኖ ጀርባ የሚያይ ዓይን ይጠብቅላቸው። የልጅ ልጅ እግር ሥራቸው ቁጭ ብሎ ይስማቸው። ወንድም አይጡ ልል ነበር… የነበራቸው አንድ ነበር፣ አልፏል። እንግዲህ ወጥተው በገቡበት ሁሉ ፀሐይ አትለያቸው። ያቺው ፀሐይ። አባቴ ያን ቀን መጨረሻ ላይ ያደረገው እሱን ነውና፦ ከርከሮውን መሬት ላይ ጥሎ፣ ወንድሙን በትከሻው ከዛፉ አውርዶ፣ ሱሪውን ወንዝ ውስጥ አጠበው። ጨምቆ ድንጋይ ላይ አሰጣው። ቤት ሲገቡ ማንም እንዳያውቅበት፣ እስኪደርቅ ድረስ አጠገቡ ተቀምጦ ጠበቀው።